«በሕግ አምላክ!» ያለቀ ቅጣት ይብቃ



በጎንደር ገጠር ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ያየ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሣው ዱላ በአየር ላይ ይቆም ነበር። ወላጆቻችን ይህን በዓይናቸው አይተዋል። ፖሊስ ጣቢያው የአንድ ቀን መንገድ ይርቅ ይሆናል፤ ሕጉን የጻፈውን ሰው ያየው የለም፤ ቃሉ ግን ይከበር ነበር። ዛሬ እኛ በጊቫት ኦልጋ የምንኖር ቤተ እስራኤል ጣቢያው ቅርባችን፣ ፍርድ ቤቱ እዚሁ ሐዴራ፣ ሕጉም ተጽፎ ታትሞ ሳለ፣ «በሕግ አምላክ!» የሚል ሰው በመጥፋቱ በልጆቻችን ላይ የወረደው ዱላ ሳይነሣ ዓመታት ያልፋሉ። ዱላው ወረቀት ነው። ስሙም ቲክ ይባላል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት የሠፈራችን እናት አንድ የታጠፈ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ እኛ መጡ። ዕብራይስጥ ማንበብ አይችሉም። «ልጆቼ፣ ይህ ወረቀት ምን ቢል ነው ልጄ ከአልጋው አልነሣ ያለኝ?» ብለው ጠየቁን። ወረቀቱ አንድ ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት (ኮአሕ አዳም) ለሥራ ፈላጊዎች የሚያስሞላው ቅጽ ግልባጭ ነበር። ልጃቸው የ24 ዓመት ወጣት ነው። ውትድርናውን ጨርሷል። ለመጋዘን ሥራ ተፈትኖ «ጎበዝ ነህ፣ እሑድ ትጀምራለህ» ተብሎ ነበር። በመጨረሻ ግን ይህን ቅጽ ሰጡት። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ፖሊስ ዘንድ ቲክ ተከፍቶብህ ያውቃል?» ይላል። ልጁ ሐሰት ላለመናገር ብሎ «አዎ» ሲል ጻፈ። እሑድ መጣ፣ እሑድ ሄደ፤ የጠራው የለም። እሱ ሲደውል «ቦታው ተይዟል» አሉት።

ቲኩ ምን ነበር? ልጁ በ16 ዓመቱ ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ዳር ከጓደኞቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ፖሊሶች መጥተው መታወቂያ ጠየቁ። በዚያው ዳርቻ ሌሎችም ወጣቶች ነበሩ፤ የተጠየቁት ግን የእኛዎቹ ብቻ ናቸው። ልጁ «ለምን እኛን ብቻ?» አለ። ይህች አንዲት ጥያቄ በፖሊስ ወረቀት ላይ «ፖሊስን በሥራው ላይ ማሰናከል» ተብላ ተጻፈች። ልጁ ፍርድ ቤት አልቀረበም፣ ክስ አልተመሠረተበትም፣ ቅጣትም አልተቀበለም። ከወራት በኋላ ቲኩ ተዘጋ። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን በአንድ መጋዘን በር ላይ ተፈረደበት።

እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው። ፖሊስ የዘጋውን፣ ዳኛ የጨረሰውን፣ ሕግ የሰረዘውን ነገር አሠሪ እንደገና የመክፈት ሥልጣን የለውም። ልጆቻችን ከሌላው ይልቅ በብዛት ቲክ በሚከፈትባቸው አገር ደግሞ «ቲክ አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ «ኢትዮጵያዊ ነህ ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ብዙ አይለይም።

ቲክ ሁሉ ጥፋት አይደለም

በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። በየቡናው ሥነ ሥርዓት ላይ «እገሌ ቲክ አለበት» ሲባል አራት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ከረጢት ይከተታሉ። አንደኛው ገና ያልተዘጋ፣ ምርመራው ወይም ውሳኔው የሚጠበቅ ቲክ ነው። ሁለተኛው ክስ ሳይቀርብ የተዘጋ ነው። ሦስተኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን አይቶ፣ ድርጊቱ መፈጸሙን ካረጋገጠ በኋላ፣ ጥፋተኛ የሚል ፍርድ ሳይሰጥ የጨረሰው ነው፤ በዕብራይስጥ ኢ ሃርሻዓ ይባላል። አራተኛው ጥፋተኛ ነህ ተብሎ የተፈረደበት ነው። በሕግ ፊት የተፈረደበት ሰው የሚባለው ይህ አራተኛው ብቻ ነው።

የተዘጋ ቲክም የተዘጋበት ምክንያት አለው፤ ልዩነቱም እንደ ሰማይና ምድር ነው። «ሖሴር አሽማ» ከተባለ ጥፋት የለበትም ማለት ነው፤ የፖሊሱ ምዝገባም ይሰረዛል። «ሖሴር ረአዮት» ከተባለ ማስረጃው አልበቃም ማለት ነው። «ሖሴር ኢንያን ላጺቡር» ከተባለ ደግሞ ሕዝቡን የሚመለከት ጉዳይ የለውም ማለት ነው፤ ዛሬ ይህኛው «የጉዳዩ ሁኔታ በጠቅላላው ለክስ አይመችም» በሚል አነጋገር ይጻፋል። በነዚህ በሁለቱ መንገዶች የተዘጋ ቲክ በወንጀል መዝገብ (ሪሹም ፕሊሊ) ውስጥ አይገባም፤ ነገር ግን በፖሊስ የውስጥ መዝገብ (ሪሹም ሚሽታርቲ) ውስጥ ይቀመጣል። ይህን የሚያዩት ፖሊስ፣ ሠራዊትና ሕግ የፈቀደላቸው የጸጥታ አካላት ናቸው። የመጋዘን ባለቤት ከነሱ አንዱ አይደለም።

የዚያ ልጅ ቲክ የተዘጋው በማስረጃ እጥረት ነበር። መንግሥት ራሱ «የሚበቃ ማስረጃ የለኝም» ብሎ የተወውን ነገር ልጁ በገዛ እጁ «አዎ» ብሎ ፈረመበት። ስምንት ዓመት ሙሉ «ወንጀለኛ ነኝ» እያለ ኖረ። ያልሆነውን መሆኑን ማንም አልነገረውም፤ እኛም አልነገርነውም።

ቲኩ ከየት ይመጣል?

አንዳንዶች «ልጆቻችሁን ቅጡ፣ ቲክ አይከፈትባቸውም» ይሉናል። ልጆቻችን መላእክት ናቸው አላልንም። የሚሰርቅ አለ፣ የሚደባደብ አለ፣ በጠጥና በዕፅ የተያዘም አለ፤ ያጠፋ ይጠየቅ። ነገር ግን የቲኩን ሁሉ ምንጭ ከልጆቹ ጠባይ የሚስብ ሰው የሚከተለውን ያስታውስ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኤፕሪል 26 ቀን 2015 የደንብ ልብሱን የለበሰ ወታደር ዳማስ ፓካዳ በሖሎን መንገድ ላይ በፖሊሶች ተመታ። መጀመሪያ የታሰረው እሱ ነበር፤ ምክንያቱም «ፖሊስ መትቷል» የሚል ነበር። ነገሩ የተገለበጠው በአቅራቢያው የነበረ የጥበቃ ካሜራ ሁሉንም ስለ ቀረጸ ብቻ ነው። ካሜራው ባይኖር ኖሮ ያ ልጅ ዛሬ «ቲክ ያለበት» ይባል ነበር። ካሜራ በሌለበት ጥግ ስንት ልጆቻችን ተይዘዋል?

ያን ጊዜ ሕዝባችን በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ተሰልፎ ጮኸ። ከጩኸቱ በኋላ መንግሥት በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የሚመራ ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ በ2016 ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያውያን ላይ የሚፈጸም ዘረኝነት በመንግሥት ተቋማት ውስጥም መኖሩን አመነ፤ ፖሊስ በማኅበረሰባችን ላይ የሚያደርገውን ከመጠን ያለፈ ክትትልም ጻፈ፤ 53 ምክረ ሐሳቦችንም አቀረበ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የፖሊስ አዛዡ ሮኒ አልሼይኽ በአንድ የጠበቆች ስብሰባ ላይ ስደተኞች በወንጀል እንደሚበዙ በዓለም የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ፣ ስለዚህ ፖሊስ እነሱን አብልጦ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው የሚል ትርጉም ያለው ንግግር አደረጉ። ተፈጥሯዊ! ከላይ ያለው አዛዥ ጥርጣሬውን ተፈጥሮ ካለው፣ ከታች ያለው ፖሊስ በኦልጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ምን ያደርጋል?

በ2021 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ጠበቃ የተባለው ማኅበራችንና ሌሎች ባቀረቡት አቤቱታ፣ ፖሊስ ያለ በቂ ጥርጣሬ ሰውን አቁሞ በመታወቂያ እንዲመረምር በር የከፈተውን የፖሊስ መመሪያ ሕጋዊ አይደለም ሲል ወሰነ። እንግዲህ አስቡት። «ለምን እኛን ብቻ?» የምትለውን የዚያን ልጅ ጥያቄ የአገሪቱ ከፍተኛ ዳኞችም ጠየቋት። በዳኞቹ አፍ ስትጠየቅ ፍርድ ሆነች፣ በልጁ አፍ ስትጠየቅ ግን ቲክ ሆነች።

ሕጉ ምን ይላል?

ይህች አገር ለዚህ ጉዳይ ሕግ አጥታ አታውቅም። በ1981 ክኔሴት የወንጀል መዝገብና የተመላሾች ደንብ የሚባል ሕግ አወጣ። በ2019 በሌላ አዲስ ሕግ ተተካ፤ እሱም ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በሁለቱም ስም ውስጥ አንድ ቃል አለ፤ «ታካናት ሃሻቪም»፣ የተመላሾች ደንብ።

ይህ ቃል ከሊቃውንቱ የመጣ ነው። በሚሽና፣ በጊቲን ክፍል፣ የተሰረቀ የቤት ወጋግራ ነገር ይነሣል። አንድ ሰው ወጋግራ ሰርቆ ቤት ሠራበት እንበል፤ በኋላ ተጸጸተ። ቤቱን አፍርሶ ወጋግራውን ይመልስ ከተባለ ማን ይጸጸታል? ስለዚህ ሊቃውንቱ ዋጋውን ይክፈል፣ ቤቱ ግን አይፍረስበት ብለው ደነገጉ። የሕጉ ነፍስ ይህ ነው። ሰው ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ቤቱን አታፍርስበት።

ወላጆቻችንም ይህን ያውቁት ነበር። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሣ ተከፍሎ፣ እርቅ ከወረደ በኋላ ያለቀውን ነገር ያነሣ ሰው እሱ ራሱ ጥፋተኛ ይባል ነበር። በ1957 የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም «መሰየም» የሚባል ሥርዓት ነበረው፤ ቅጣቱን ጨርሶ በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው መብቱና ስሙ እንዲመለስለት ፍርድ ቤትን የሚጠይቅበት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚል ሕዝብ፣ የሰውን ስም የሚመልስ ሕግ ለምን እንደሚያስፈልግ አስተማሪ አያሻውም።

የ2019ኙ ሕግ ለሥራ ፈላጊ የሚሰጠው ጥበቃ ግልጽ ነው። መረጃውን እንዲያገኝ ሕግ ያልፈቀደለት አሠሪ፣ የወንጀል መረጃህን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ሊጠይቅህ አይችልም። ከፖሊስ ማግኘት ያልተፈቀደለትን ከአንተ እጅ ማግኘትም አልተፈቀደለትም። እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ በመዝገብ የተጻፈውን የማየት መብት አለው፤ ይህ መብት ግን ለራሱ ነው፣ ለአሠሪው አይደለም። «ተዑዳት ዮሸር» እየተባለ በየቦታው የሚጠየቀው ወረቀትም በመሠረቱ ለውጭ አገር ባለሥልጣናት፣ ለቪዛና ለመሳሰለው የሚሰጥ እንጂ ለመጋዘን፣ ለወጥ ቤት ወይም ለጽዳት ሥራ የሚሰጥ አይደለም።

ልዩ ሁኔታ የለም ወይ? አለ። ፖሊስ፣ ሠራዊት፣ የጸጥታ መሥሪያ ቤቶች፣ የመንግሥት አገልግሎትና ሕጉ በስም የዘረዘራቸው ሌሎች አካላት መረጃ ማግኘት ይችላሉ። የጦር መሣሪያ ፈቃድ ወይም የሕዝብ ማመላለሻ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውም እንዲሁ። በ2001 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በልጆች ተቋም የሚቀጠር ጎልማሳ ወንድ በፆታ ወንጀል ምክንያት ያልተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ማረጋገጫ እንዲያመጣ ያዛል። ልብ በሉ፣ ያ ወረቀት የሚናገረው ስለዚያ ክልከላ ብቻ ነው፤ በልጅነት የተደረገ ጠብን አይዘረዝርም። እኛ መምህርነት የሠለጠንን ሰዎች ይህን ሕግ እንደግፋለን፤ ልጆቻችንን ይጠብቃልና። ነገር ግን ለአንድ በር የተሠራን ቁልፍ ለበር ሁሉ መጠቀም ሕገ ወጥ ነው።

የተፈረደበት ሰውስ? እሱም ጊዜ አለው። በ1981ዱ ሕግ ያለ እስራት የተቀጣ አዋቂ መዝገቡ እስኪያረጅ 7 ዓመት፣ እስኪሰረዝ ደግሞ ተጨማሪ 10 ዓመት ይጠብቅ ነበር። በ22 ዓመቱ በገንዘብ የተቀጣ ወጣት እስከ 39 ዓመቱ ማለት ነው! አዲሱ ሕግ የጊዜውን አቆጣጠር ለውጦታል፤ ስለዚህ ቀድሞ የሰማችሁትን ቁጥር ትታችሁ የራሳችሁን ጉዳይ ከጠበቃ ጋር አስሉ። ፍርዱ የተሰረዘለት ሰው በሕግ ፊት እንዳልተፈረደበት ይቆጠራል። ጊዜውን መጠበቅ ለማይችል ደግሞ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ምሕረት የመስጠትና ጊዜውን የማሳጠር ሥልጣን አላቸው። ከፓልሞር ሪፖርት በኋላ፣ ሩቬን ሪቭሊን ፕሬዚዳንት፣ አየለት ሻኬድ የፍትሕ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ ለማኅበረሰባችን ወጣቶች የምሕረት መንገድ ተከፍቶ ነበር። መንግሥት ይህን በር የከፈተው መዝገቦቹ ሁሉ በቅን መንገድ እንዳልተጻፉ ስለሚያውቅ አይደለምን?

የ1988ቱ ሕግ ቀዳዳ

በሥራ ላይ የእኩል ዕድል ሕግ የወጣው በ1988 ነው። በፆታ፣ በዕድሜ፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገርና በሌሎችም ምክንያቶች ሰውን ከሥራ መከልከልን ይከለክላል። በ2014 የመኖሪያ ቦታም ተጨምሮበታል፤ ስለዚህ በማመልከቻችሁ ላይ «ጊቫት ኦልጋ» ብሎ መጻፍ የሚያሳፍር እንዳይደለ ሕጉ ራሱ ይመሰክራል። ቢያንስ 6 ሠራተኞች ያሉትን አሠሪ ሁሉ ይመለከታል። ሥራ ፈላጊው አሠሪው የጠየቀውን ችሎታ ማሟላቱን ካሳየ፣ አላዳላሁም ብሎ የማስረዳቱ ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል። ፍርድ ቤቱም የገንዘብ ጉዳት ባይኖርም ካሣ መፍረድ ይችላል። ክሱ ግን በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ታዲያ በዚያ ረጅም ዝርዝር ውስጥ የወንጀል መዝገብ የሚል ቃል የለም። ቀዳዳው ይህ ነው። አሠሪው «ኢትዮጵያዊ ስለሆንክ አልቀጥርህም» ካለ ይከሰሳል፤ «ቲክ አለህ» ካለ ግን ንጹሕ የሆነ ይመስለዋል።

እኛ ግን ንጹሕ አይደለም እንላለን። ያው ሕግ ለሥራው አግባብነት የሌለው ሁኔታ መደንገግም አድልዎ ነው ይላል። አንድ ሕዝብ ከሌላው በላይ በመንገድ የሚቆም፣ በላዩም ቲክ የሚከፈትበት ከሆነ፣ «ቲክ የሌለው ብቻ ይቅረብ» የሚል ሁኔታ ማንን እንደሚያስቀር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ይህን ክርክር ወደ ሥራ ፍርድ ቤት ይዘው የሚገቡ ጠበቆች ያስፈልጉናል። ክኔሴትም ሊያደርገው ይችላል። አሠሪ የሥራ ፈላጊን የሠራዊት ፕሮፊል እንዳይጠይቅ የሚከለክል አንቀጽ በዚያው ሕግ ውስጥ አለ። የሠራዊቱን ቁጥር መጠየቅ ከተከለከለ፣ የተዘጋ የልጅነት ቲክ በዚያው ሕግ ለምን በግልጽ አይከለከልም? እንግሊዞች በ1974 የተቀጡ ሰዎችን የሚያቋቁም ሕግ አውጥተዋል። በአሜሪካ የሃዋይ ግዛት በ1998 አሠሪዎች የወንጀል ጥያቄውን ከመጀመሪያው የሥራ ማመልከቻ ላይ እንዲያነሡ አድርጋለች። ሰማይ አልወደቀባቸውም።

«የአሠሪውስ መብት?»

አንድ ቅን ጥያቄ አለ፤ አንሸሸውም። «ገንዘቤን የሚቆጥር፣ መጋዘኔን የሚከፍት ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ አይገባኝም?» የሚል አሠሪ አለ። ይህን የሚለው ሰው ሁሉ ዘረኛ አይደለም። የእኛ ሰዎችም ሱቅ ከፍተዋል፤ እኛም ብንሆን እንፈራለን።

መልሳችን እንዲህ ነው። የትኛው ሥራ ምርመራ እንደሚያስፈልገው ሕግ አውጪው ተቀምጦ ወስኗል። አሠሪ ሁሉ የየራሱን መዝገብ ቤት ይክፈት ከተባለ ግን ቅጣት የሚባል ነገር ማለቂያ አይኖረውም። ዳኛ ወንጀሉን አይቶ፣ ዕድሜውን አይቶ፣ የልጆች ቁጥጥር መኮንን የጻፈውን አንብቦ፣ «ለዚህ ይህ ይበቃዋል» ብሎ የወሰነውን፣ ፋይሉን ያላነበበ የሠራተኛ ቅጥር ኃላፊ በአንዲት «አዎ» የዕድሜ ልክ ሊያደርገው ነውን? ሥራ ያጣ ወጣት የት ይሄዳል? ወደዚያው አግዳሚ ወንበር ይመለሳል። ፖሊሱም ወደዚያው ይመጣል። አንዱ ቲክ ሁለተኛውን ይወልዳል፤ ከዚያ «ይኸው፣ አላልንም?» ይላሉ። አሠሪው የፈራውን ሌባ ራሱ ያሳድጋል ማለት ነው። የሚያስተማምን ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው የቀድሞ አሠሪውን ይጠይቅ፣ የሙከራ ጊዜ ይስጠው፣ ሥራውን ይመልከት።

እኛስ?

ሌላውን ብቻ መውቀስ አይበቃም፤ ወደ ራሳችንም እንመለስ። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይሉ ነበር። በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታው ነቅዟል። ልጅ ተያዘ ሲባል ቤተሰብ በር ይዘጋል። ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ለጋብቻ እንዳይነሣ፣ ቄሱ እንዳያውቁ ይባላል። ጠበቃ ሳይጠየቅ፣ ቲኩ በምን ምክንያት እንደተዘጋ ሳይታወቅ፣ ከፖሊስ የመጣው ደብዳቤ ሳይነበብ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ አባት ጣቢያ ሄዶ «ልጄ ባለጌ ነው፣ ቅጡልኝ» ይላል፤ እንደ አገር ቤቱ ምክር መስሎት ነው። እዚህ ግን ይህ ቃል ይጻፋል።

እኛ መምህራንም ከተጠያቂነት አናመልጥም። በዚህ አገር ልጅ በወንጀል የሚጠየቀው ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ነው። በእረፍት ሰዓት ሁለት ልጆች ተጋጭተው የአንዱ አፍንጫ ሲደማ ስልክ አንሥቶ ፖሊስ የሚጠራ ትምህርት ቤት፣ በዚያች ደቂቃ የልጁን የ24 ዓመት ሕይወት እንደሚነካ ይወቅ። አደጋ ሲኖር ይጠራ፤ አለዚያ ፖሊስ የመጨረሻው በር ይሁን። ከዚያ በፊት ወላጅ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ እርቅ አለ።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልጅ ሲያዝ ወላጅ ወዲያውኑ ይሂድ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ተጠርጣሪ ሲመረመር በመሠረቱ ወላጁ እንዲገኝ፣ ከጠበቃም ጋር እንዲመካከር ሕጉ ይፈቅዳል። የሕዝብ ተከላካይ ጠበቆች (ሳኔጎሪያ ጺቡሪት) አሉ፤ «ጠበቃ ሳላማክር አልናገርም» ማለት ነውር አይደለም። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ፤ ተርጓሚ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ተከፍቶ የነበረ ቲክ ያለው ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ስለ ራሱ የተጻፈውን ይይ። የተዘጋበትን ምክንያት ይጠይቅ። በማስረጃ እጥረት ወይም በሕዝብ ጉዳይ አለመኖር ከተዘጋ፣ ምክንያቱ ወደ «ሖሴር አሽማ» እንዲለወጥለት ቲኩን ለዘጋው የፖሊስ ክስ ክፍል ወይም አቃቤ ሕግ በጽሑፍ ያመልክት። የፖሊሱ ምዝገባ እንዲሰረዝም ማመልከት ይቻላል። ሁሌም እሺ አይሉም፤ ያልጠየቀ ግን በፍጹም አያገኝም።

ሦስተኛ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ጥፋተኛ የሚል ፍርድ ሳይሰጥ እንዲያልቅ ጠበቃው ይከራከር። ለልጆች የ1971ዱ የወጣቶች ሕግ ይህን ይፈቅዳል። ለአዋቂም ቢሆን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከ1997 ጀምሮ በጠባብ መንገድ ይቀበለዋል፤ ፍርዱ የሰውየውን መታነጽ ክፉኛ የሚጎዳ ከሆነ፣ ወንጀሉም የሚፈቅድ ከሆነ። የሥራ ተስፋችሁን የሚያሳይ ወረቀት አዘጋጁ።

አራተኛ፣ በሥራ ቅጽ ላይ ያ ጥያቄ ከመጣ አሠሪው በየትኛው ሕግ እንደሚጠይቅ በትሕትና ጠይቁ። የቅጹን ግልባጭ ያዙ፣ ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጻፉ። ያ ወረቀት ማስረጃ ነው። ከዚያ በሥራ ላይ የእኩል ዕድል ኮሚሽን (ነጺቩት ሺቭዮን) ዘንድ፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ዘረኝነትን ለመታገል በተቋቋመው ክፍል ዘንድ፣ ወይም ጠበቃ በሚባለው ማኅበር ዘንድ አቤት በሉ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ እኛ አብረናችሁ እንሄዳለን።

ከመንግሥት የምንጠይቀውም ይህን ነው። ክስ ያልቀረበበት የልጅ ቲክ ማመልከቻ ሳይጠበቅ በራሱ ይሰረዝ። ፖሊስ ቲክ ሲዘጋ ምክንያቱንና የመቃወሚያውን መንገድ በአማርኛና በትግርኛ ጭምር ይጻፍ። ሕገ ወጥ ጥያቄ በቅጽ ላይ የሚያትም አሠሪና ሠራተኛ አቅራቢ ቅሬታ እስኪመጣ ሳይጠበቅ ይመርመር። የ1988ቱ ሕግ ዝርዝርም ይጨመርበት። ከሐዴራ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ትንሽ ነገር ነው የምንፈልገው፤ በወር አንድ ቀን አማርኛ የሚችል የሕግ ሰው በኦልጋ ይቀመጥልን።

ሠፈራችን የተሰየመችው በኦልጋ ሐንኪን ስም ነው። ሴትየዋ አዋላጅ ነበሩ። ቤታቸው ዛሬም ከባሕሩ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ቆሟል። በአዋላጅ ስም በተጠራች ሠፈር ውስጥ የሚያድግ ልጅ በ16 ዓመቱ ተስፋው ሊቀበር አይገባም።

ያቺ እናት ከልጃቸው ጋር ተመልሰው መጥተዋል። ማመልከቻውን በዕብራይስጥ ጽፈን፣ በአማርኛ አንብበንላቸው፣ ልጁ ፈርሞ ልኮታል። መልሱ ገና አልመጣም። ልጁ ግን ከአልጋው ተነሥቷል። እሳቸውም ሲወጡ በበሩ ላይ ቆመው፣ «ለካ ልጄ ወንጀለኛ አልነበረም» አሉ። ይህን ቃል ለመስማት ስምንት ዓመት መጠበቅ አልነበረባቸውም።

በየቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ያለውን ያልተነበበ ደብዳቤ አውጡት። ይዛችሁ ኑ። ዱላው ከአየር ላይ እንዲቆም አንድ ሰው መጮህ አለበት፤ እንግዲህ አብረን እንጩህ።

በሕግ አምላክ!